ደቦሉ፣ ችግኙ፣ ጫጩቱ

ፍኖተ ሰላም ላይ የተደረገ ጭውውት ነው። ተናጋሪዎቹ አንዲት የባዮሎጂ መምህርትና ዕድሜያቸውን በደን ሥራ ላይ አሳልፈው ጡረታ የወጡት አጎቷ ናቸው። መምህርቷ የትምህርት ቤቱን የተፈጥሮ ክበብ ልጆች አዲስ አበባ ወስዳ ልታስጎበኝ አስባለች።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ የጉዞ እቅዱን አዩልኝ? መጀመሪያ አንበሳ ግቢ፣ ከሰዓት አንድነት ፓርክ፣ በማግስቱ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል። ልጆቹ ካሁኑ እንቅልፍ አጥተዋል።

አጎቷ፦ አይቼዋለሁ፤ ደግ አስበሻል። አንድ ነገር ግን አጣሁበት። ልጆቹ ምን እንደሚያዩ ዘርዝረሻል፤ ምን እንደሚጠይቁ የለም።

መምህርቷ፦ እዚያ ከደረሱ መጠየቃቸው መች ይቀራል?

አጎቷ፦ ይቀራል እንጂ። አንበሳ ፊት የቆመ ልጅ ጎፈሩን አይቶ ይደነቃል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ወደሚቀጥለው አጥር ይሮጣል። ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ የወላጅ ገንዘብ ወጥቶበት፣ ይህን ብቻ ይዞ ቢመለስ ያሳዝነኛል። እኔ ብሆን በየአጥሩ፣ በየዛፉ ሥርና በየውኃው ዳር የሚጠይቁትን አንድ ጥያቄ አስይዛቸው ነበር፦ «ልጁ የት አለ?»

መምህርቷ፦ የምኑ ልጅ?

አጎቷ፦ የሚያዩት ነገር ሁሉ ልጅ። አንበሳ ከሆነ ደቦሉ፣ ዛፍ ከሆነ ችግኙ፣ ዓሣ ከሆነ ጫጩቱ። ይወለዳል ወይ? ከተወለደስ ያድጋል ወይ? ካደገ በኋላ ወዴት ይሄዳል? ይህን ካልጠየቁ አዲስ አበባ ያዩት አንበሳ ሥዕል ላይ ከሚያዩት አይለይም።

መምህርቷ፦ አንበሳ ግቢ ውስጥማ ሲወልዱ ኖረዋል።

አጎቷ፦ መውለዱንማ ወልደዋል። ታሪኩን ከሥሩ ንገሪያቸው። ግቢው የተቋቋመው በዓፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። መነሻ የሆኑት ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተያዙ አምስት ወንድና ሁለት ሴት አንበሶች እንደነበሩ ይነገራል። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ የነዚያ የሰባቱ ዘር ነው፤ ያውም የሁለት እናት ልጆች። ግቢው ያለበት ስድስት ኪሎ ስማር ሌሊት ሲያገሡ ከማደሪያችን ይሰማን ነበር። ያ ሁሉ ድምፅ የአንድ ጠባብ ቤተሰብ ድምፅ ነው። ዘመድ ከዘመድ ሲዋለድ ምን እንደሚሆን በክፍል ታስተምሪያቸው የለም? እዚያ ቆመው በዓይናቸው ያስቡት።

መምህርቷ፦ ጥቁር ጎፈር ያላቸው ስለሆኑ ከሌላው አፍሪካ አንበሳ ይለያሉ ሲባልም ሰምቻለሁ።

አጎቷ፦ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የጀርመንና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት አለ። ያኔ ግቢው ውስጥ ከነበሩት 20 አንበሶች የ15ቱን ናሙና ወስደው ከሌሎች አንበሶች ጋር ሲያስተያዩት በዘራቸው የተለዩ ሆነው ተገኙ። ጎፈራቸውም አንገት ላይ አያበቃም፤ ደረት አልፎ ወደ ሆድ ይወርዳል። ልጆቹ ይህን ልብ ብለው ይዩት፣ ቢቻል በእርሳስ ይንደፉት። ተመራማሪዎቹ ርቢያቸው ታስቦበት እንዲመራ መክረው ነበር። ደግሞ ሌላውንም አትደብቂያቸው። ከዚያ ጥናት ጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1999 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ ግቢው ቦታና በጀት ስለሌለው አንዳንድ ደቦሎችን በመርዝ እንደሚያስወግድ ኃላፊው ራሳቸው ለውጭ ጋዜጠኞች ተናግረው የዓለም ዜና ሆኖ ነበር።

መምህርቷ፦ ይህን ለ15 ዓመት ልጅ እንዴት ብዬ ልንገር?

አጎቷ፦ እንዳለ ነው የሚነገረው። አራዊት ማቆያ ገንብቶ ለሚወለደው ቦታ አለማዘጋጀት ምን እንደሚያስከትል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም። ካዘነላቸው ልጅ ነገ የከተማ ከንቲባ ወይም የእንስሳት ሐኪም ይወጣል። ደግሞ ሲሳካ ምን እንደሚመስልም ጨምሪላቸው። የዓረቢያ ሳላ እ.ኤ.አ. በ1972 ከበረሃው ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ቀድመው ተይዘው በየሀገሩ ማቆያ ውስጥ የረቡት ግን ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1982 የነዚያ ልጆች ኦማን በረሃ ላይ ተለቀቁ። ማቆያ ማለት ለኔ ይህ ነው፤ በሩ ወደ ውጭም የሚከፈት።

መምህርቷ፦ እሺ፣ አንበሳው ገባኝ። ጉለሌስ? እዚያ ዛፍ ነው፤ ዛፍ ደግሞ እዚህም ሞልቷል የሚሉ ወላጆች አሉብኝ።

አጎቷ፦ ጉለሌንማ እንዳትሰርዢ። 705 ሄክታር ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በ2002 ዓ.ም. ገደማ ያቋቋሙት። ቀድሞ አብዛኛው ባሕር ዛፍ ነበር፤ ያንን ቀስ በቀስ እያነሡ አገር በቀሉን ይተክላሉ። ሥራውን ከመሩት አንዱ ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ናቸው፤ የኢትዮጵያንና የኤርትራን ዕፅዋት በዝርዝር በመዘገበው ትልቅ ሥራ ላይ ግንባር ቀደም የነበሩ። ያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 ነው የተጠናቀቀው፤ ወደ 6,000 የሚጠጋ የዕፅዋት ዓይነት ሰፍሮበታል። ከአሥሩ አንዱ ያህል ከሁለቱ አገሮች ውጭ የትም አይገኝም። ከኋላው 30 ዓመት ግድም ዕፅዋትን እየለቀሙ፣ እያደረቁ፣ ስም እየሰጡ ያስቀመጡ ሰዎች አሉ። የዕፅዋት ማዕከል ከመናፈሻ የሚለየው በዚህ ነው፤ እያንዳንዱ ተክል ከየት መጣ፣ መቼ ተለቀመ፣ ማን ለቀመው የሚል መዝገብ አለው።

መምህርቷ፦ እኔም ለወላጆች ያልኩት ይህንኑ ነው። እዚህ ዛፉ አለ፤ መዝገቡ የለም። ልጆቼ ባሕር ዛፍና ማንጎ ለይተው ይነግሩኛል፤ ጥቁር እንጨትና ሎል አጠገብ ስታቆማቸው «ጫካ» ይላሉ።

አጎቷ፦ አንድ ነገር ግን ጨምሪበት። ጉለሌ ከ2,500 ሜትር በላይ ያለ ደጋ ነው። ፍኖተ ሰላም ከ2,000 ሜትር በታች ነን። እዚህ በላህ ወንዝ ዳር የሚበቅለው፣ ወደ ቡሬ መንገድ ላይ ያለው፣ ወደ ቆላው ስትወርጂ የምታገኚው ብዙ ተክል እዚያ ብርድ ላይ አይጸድቅም። ዶቅማንና ብርብራን ከነወገናቸው የሚይዝ የዕፅዋት ማዕከል ካስፈለገ እዚሁ ወይና ደጋ ላይ መቆም አለበት።

መምህርቷ፦ ማን ያቁመው?

አጎቷ፦ ግማሹ ቆሟል። ከዚህ እስከ ቡሬ መኪና ውስጥ ተቀምጠሽ በመስኮት ተመልከቺ፤ በቆሎና በርበሬ ማሳ፣ ከዚያ ጥቁር አረንጓዴ ክብ፣ ደግሞ ማሳ፣ ደግሞ ክብ። እያንዳንዱ ክብ ደብር ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ደቡብ ጎንደር ላይ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፅዋት ተመዝግቧል። ዛፉም ቁጥቋጦውም ሐረጉም አለበት። በዙሪያው ያለው አገር ተመንጥሮ አልቆ እዚያች ክብ ውስጥ ብቻ የተረፈ አለ። ቄስና ምዕመን «የታቦቱ ልብስ ነው» ብሎ ስለሚያከብረው ነው የኖረው።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ደብሩን አከብራለሁ፤ ግን የዕፅዋት ማዕከል ነው ሲሉኝ እከራከርዎታለሁ። ቅዳሜ አንድ ደብር ወሰድኳቸው። ልጆቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ተሳልመው ወጡ። ማንም «ይሄ ዛፍ ይህ ነው» ያላቸው የለም፣ ምልክት የለም፣ ቅጠል መንካት ነውር ነው፣ ጮክ ብሎ መነጋገርም አይቻል። ሴት የማይገባበት ገዳምም አለ፤ ከክበቡ ልጆች ግማሾቹ ሴቶች ናቸው። የማይጠየቅበት ቦታ እንዴት ትምህርት ይሆናል?

አጎቷ፦ እውነትሽን ነው፤ በዚህ አልከራከርሽም። ጫካ የገባ ሁሉ አይማርም። ግን ያቺን ጥያቄ ይዘው ቢገቡ ኖሮ ሳትጮኹም ትልቅ ነገር ታዩ ነበር። ዕድሜው ይህን ያህል ነው የማይባል ወይራ ሥር ቁሚና ወደ ታች ተመልከቺ። ምን አየሽ?

መምህርቷ፦ መሬቱ ተረግጦ ጠፍጥፏል። የከብት ዳና።

አጎቷ፦ አያቶች ብቻ የቀሩበት ቤት ነው። ከላይ ስታዪው ለምለም፤ ከታች የሚተካ የለም። ይህንንም ተመራማሪዎች በጥናት አይተውታል። አፈሩን ዝቀው የተኛ ዘር ሲፈልጉ የአብዛኛው ዛፍ ዘር አልተገኘም፤ ምክንያቱም እንደ አረም ዘር አፈር ውስጥ ዓመታት አይጠብቅም፣ ወይ ይበቅላል ወይ ይሞታል። ከበቀለም ከብት ይግጠዋል፣ ሰው ይረግጠዋል። ከፊሉን ቦታ አጥረው ከብት ሲከለክሉ ግን ችግኙ በዝቶ ወጣ፣ አደገም። ከዚያ ነው ዶክተር ዓለማየሁና አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሜግ ሎውማን ደብሮቹ በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ የረዱት። ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የሚለቀም ነው፤ ማሳውም ይጸዳል፣ ደኑም ይከበራል።

መምህርቷ፦ ከቡሬ ወጣ ብሎ ካብ ያለው ደብር አይቻለሁ። ከካቡ ውስጥና ከካቡ ውጭ ያለው መሬት አይመሳሰልም።

አጎቷ፦ እንግዲያው እዚያ ውሰጃቸው። ግማሹ ክበብ ከካቡ ውስጥ፣ ግማሹ ከውጭ፤ እኩል ስፋት በገመድ ይለኩና ከጉልበት በታች የሆነውን ችግኝ ይቁጠሩ። ቅጠል መቁረጥ አያስፈልግም፣ መጮህ አያስፈልግም። ስሙን ያላወቁትን ለቄሰ ገበዙ ወይም ለአካባቢው አዛውንት ያሳዩ። መዝገብ የለም አልሽ፤ የመጀመሪያውን ቅጽ የሚጽፉት ልጆችሽ ይሁኑ።

መምህርቷ፦ አራዊትስ? አንበሳ ሊያዩ የቋመጡ ልጆች ችግኝ ቁጠሩ ብላቸው ፊታቸው ይጠቁራል።

አጎቷ፦ ጉሬዛ አለልሽ! ጉሬዛ ያለበት ደብር አታጪም። በጠዋት ግቡ፣ ፀሐይ ሊሞቅ ከዛፉ አናት ላይ ይቀመጣል። ጥቁርና ነጩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ያ ነጭ ጸጉር ከትከሻው እስከ ወገቡ እንደ ካባ ተንጠልጥሎ ሲዘል ሲንሳፈፍ ማየት ደስታ ነው። ልጆቹ ግን እናቶቹን ይዩ። ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው፤ ከራሱ እስከ ጅራቱ ድፍን ነጭ፣ ፊቱ ቀላ ያለ። ጥቂት ወራት ካለፉት በኋላ ነው ጥቁር እየሆነ የሚመጣው። ስለዚህ ጥቁሯ እናት ሆድ ላይ ነጭ ነገር ተለጥፎ ካዩ ያ መንጋ ዘንድሮ ወልዷል። መነጽር እንኳ ሳይኖር ከታች ሆኖ ይታያል። በዓመት ስንት ነጭ አዩ? ይመዝግቡት።

መምህርቷ፦ ይህንን አላውቅም ነበር፣ ነጭ ሆኖ መወለዱን።

አጎቷ፦ ቀጥሎ ደግሞ ይጠይቁ፤ ያ ነጩ ሲያድግ ወዴት ይሄዳል? ጉሬዛ የዛፍ ነው፤ ከደብር ደብር ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ባዶ ማሳ አቋርጦ መሄድ ለሱ ጭንቅ ነው፤ ውሻም አለ፣ ልጅም ይወግረዋል። ከአንበሳ ግቢው ጋር አስተያዩት። እዚያ ሽቦ፣ እዚህ የተመነጠረ ማሳ። በሁለቱ ደብሮች መካከል በወንዙ ዳር ዳር አገር በቀል ዛፍ መስመር ይዞ ቢተከል ግን መንገድ ይሆነዋል።

መምህርቷ፦ አሁን ገባኝ የሚሉት። ግን እቅዱ ላይ የጎደለኝ ሦስተኛ ነገር አለ። ውጭ ሀገር ያሉ ትልልቅ ማዕከላት እንስሳውን፣ ተክሉንና ዓሣውን አንድ ግቢ ውስጥ ነው የሚያሳዩት። የዓሣውን ነገር ምን ላድርግ? በመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያሳይ ቦታ ለልጆቼ የት ላግኝ?

አጎቷ፦ ጣና ምን ሆነና! ባሕር ዳር ከአዲስ አበባ በጣም ይቀርብሻል። ዓለም ስለ ጣና ዓሣ ምን እንደሚል ልንገርሽ? ነጭ ዓሣ የምንለው አንድ ዓይነት አይደለም። 15 የሚሆኑ፣ እዚያ ሐይቅ ውስጥ ተለያይተው የበቀሉ ዓይነቶች ናቸው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ያህል ስለሚወርድ ከታች ዓሣ ወጥቶ አይቀላቀላቸውም፤ እዚያው ተዘግተው፣ እዚያው ተከፋፈሉ። ከነዚህ ስምንቱ ዓሣ የሚበሉ ናቸው። የነጭ ዓሣ ወገን ደግሞ መንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። ያለ መንጋጋ ጥርስ አዳኝ መሆን በዓለም ብርቅ ነው። ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅ ተመሳሳይ ወገን ነበር፤ ከውጭ ያመጡት ዓሣ አጠፋው። የቀረው የኛ ነው።

መምህርቷ፦ እና የዓሣውስ ልጅ የት አለ?

አጎቷ፦ እሱ ላይ ነው ልቤ የሚቆስለው። ከነጭ ዓሣው ብዙው እንቁላሉን ሐይቅ ውስጥ አይጥልም። ክረምት ሲገባ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ድርማ ይወጣል፤ ጠጠር ያለበት፣ ጥርት ብሎ የሚፈስ ውኃ ይፈልጋል። ሰው ደግሞ መምጫውን ያውቃል። ወንዙ አፍ ላይ መረብ ዘርግቶ ይጠብቀዋል። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ሐይቁ ላይ ከገባ በኋላ፣ በ1990ዎቹ ውስጥ በነበሩት አሥር ዓመታት ብቻ የነጭ ዓሣው ብዛት ከአራት ሦስት እጁ ያህል እንደቀነሰ ተመራማሪዎች ለክተዋል። እንቁላል ያረገዘውን ነው የምንይዘው። መረብ ያላገኘው ደግሞ ብርብራ ይዞ ይመጣል።

መምህርቷ፦ ብርብራ? ግቢያችን በር ላይ ያለው?

አጎቷ፦ እሱው። ፍሬውን አይተሽዋል፤ ጠፍጣፋ፣ ቡናማ፣ እጅ ላይ እንደ ከፋይ የሚለሰልስ። በበጋ ሲደርቅ ጧ ብሎ ይሰነጠቅና ሁለቱ ልባጥ እየተጠመዘዘ ዘሩን ይረጨዋል። ዛፉ የኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ለቡና ጥላ የሚሆን፣ መሬት የሚያለማ፣ ደግ ዛፍ። ዘሩን ወቅጠው ኩሬ ውስጥ ሲበትኑት ግን መርዙ በዓሣው ስንጥብ ገብቶ ሰውነቱ አየሩን እንዳይጠቀምበት ያደርገዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ሆዱን ገልብጦ ይንሳፈፋል። ትልቁ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ጫጩቱም አብሮ ያልቃል። አየሽ፣ ይህን ለልጅ በአንድ ግቢ ለማሳየት ዛፉንም ዓሣውንም ማወቅ ግድ ነው። ሦስቱ አንድ ላይ መሆናቸው የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

መምህርቷ፦ እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ገንዳ ቢኖረን ብዬ ነበር። ነጭ ዓሣ እንደማይሆን ገባኝ፤ የሚፈስ ውኃ ከየት አመጣለሁ።

አጎቷ፦ ቆሮሶ አድርጊው። ቆሮሶ የቆመ ውኃ ይችላል፤ የሲሚንቶ ገንዳ፣ ከላይ ጥላ፣ አልፎ አልፎ ውኃ መቀየር። መብራት በየቀኑ ለሚጠፋበት አገር በፓምፕ የሚተነፍስ የመስታወት ሣጥን አይመከርም። የቆሮሶ እናት እንቁላሏን በአፏ ነው የምትይዘው። እዚያው አፏ ውስጥ ይፈለፈላሉ። ከወጡ በኋላም የሚያስፈራ ጥላ ካለፈ ግር ብለው ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ያን ጊዜ መንጋጋዋ ሥር ያበጠ ይመስላል፤ ምግብ ስትጥዪላትም አትበላም። ልጆቹ «ጫጩቱ የት አለ?» ብለው ገንዳው ላይ ተደፍተው ሲፈልጉ፣ አፏን ከፍታ ስታወጣቸው ቢያዩ በሕይወታቸው አይረሱትም። ባሕር ዳር የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ፤ ደብዳቤ ጽፈሽ ምክር ጠይቂ።

መምህርቷ፦ እንደዚህ ከሆነ የአዲስ አበባውን ልሰርዘው?

አጎቷ፦ በጭራሽ! የገጠር ልጅ «ያንተ ደብር ይበቃሃል» ተብሎ ከዋና ከተማው ሊቀር አይገባም። ጥቁር ጎፈሩን ማየት መብቱ ነው፤ ጉለሌ ላይ የሚሠሩትን ባለሙያዎች አግኝቶ «ዘር እንዴት ይለቀማል? ችግኝ ትሰጡናላችሁ?» ብሎ መጠየቅም መብቱ ነው። የምለምንሽ ቅደም ተከተሉን እንድትቀይሪ ነው። መጀመሪያ ደብሩ፣ ቀጥሎ ጣና፣ መጨረሻ አዲስ አበባ። ያኔ ባዶ እጃቸውን አይሄዱም፤ የቆጠሩት አላቸው፣ የሚያስተያዩት አላቸው። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 እዚሁ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ ድረስ ሲመጣ ሠዓሊ ይዞ ነው፤ በዚያ ጉዞው ዋጊኖስ የሚባለውን ተክል አሥሎ፣ ለሆድ በሽታ ማገልገሉን ጽፎ፣ ዛሬ ዓለም ያንን ተክል በሱ ስም ይጠራዋል። ዋጊኖስን ለሱ ያሳዩት የኛው ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው ግን አልቀረም። የኛ ልጆች የሚያዩትን ራሳቸው ይጻፉ።

መምህርቷ፦ ዓሣው ሐምሌን ይመርጣል፤ ሐምሌ ደግሞ ትምህርት ቤት ዝግ ነው።

አጎቷ፦ እስከ ጥቅምት ይቆያል። መስከረም ትምህርት ሲከፈት፣ መንገዱም ደኅና ከሆነ፣ ያኔ ጣና። አዲስ አበባን ለጥር አድርጊው። ደብሩን ግን በዚህ ሳምንት።

መምህርቷ፦ ለሰበካ ጉባኤው ደብዳቤ ያስፈልጋል።

አጎቷ፦ ደብዳቤው ላይ «ጉብኝት» አትበዪ፤ «የደኑን ችግኝ ለመቁጠርና ውጤቱን ለደብሩ ለማስረከብ» በዪ። ቄሰ ገበዙ ራሱ አብሮሽ ይቆጥራል። የቆጠራችሁትን ሁለት ቅጂ አድርጊ፤ አንዱ ለነሱ።

መምህርቷ፦ እቅዱን ዛሬ ማታ እንደገና ጽፌ ለርዕሰ መምህሩ አስገባለሁ። የመኪናውን ነገር ግን እርስዎ ይያዙልኝ፤ እኔን ሾፌሮቹ ዋጋ ይጨምሩብኛል።

አጎቷ፦ ለቡሬው እኔ እነጋገርልሻለሁ። ገመድና ደብተር ያዙ፤ ልጆቹ ስንት ናቸው አልሽኝ?